የዋና ቴክኒክ ካምፕ ለአዋቂ ተወዳዳሪ፦ ከመመዝገብ እስከ ስድስተኛው ሳምንት

«ጋሼ፣ አንቱ እኮ ውሃውን ይመቱታል እንጂ አይይዙትም።»

ይህን ያለኝ በ17 ዓመት የሚያንሰኝ አሰልጣኝ ነው። ኮምቦልቻ፣ ገንዳ ዳር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ለመናደድ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ልጁ እውነቱን ነበር።

ዋና የተማርኩት ሐይቅ ዳር ነው። አስተማሪዬ ታላቅ ወንድሜ፣ ዘዴው ደግሞ ገፍትሮ መጣል። እንደዚያ የተማረ ሰው አይሰምጥም። ግን ዕድሜ ልኩን ከውሃ ጋር ይደባደባል። እኔም ስደባደብ ኖሬ በ40 ዓመቴ የመጀመሪያውን የቴክኒክ ካምፕ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግሜአለሁ። የመጀመሪያው ገንዘቤን በላ፣ ትከሻዬንም አሳመመኝ። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ጠቀሙኝ። ምን እንደለወጥኩ ነው እዚህ የምጽፈው።

ጽሑፉ ሥራና ቤተሰብ ኖሮት፣ በነጻ ቀዘፋም (ፍሪስታይል) ይሁን በሌላ ዓይነት ለሚወዳደር አዋቂ ነው። መዋኘት ገና የምትማሩ ከሆነ ካምፕ አያስፈልጋችሁም። መደበኛ ትምህርት ይበቃችኋል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። «በዚህ ዕድሜ ደግሞ ውድድር?» ለሚላችሁ ዘመድ መልስ ካስፈለጋችሁ፣ በዓለም አቀፉ የውሃ ስፖርቶች ማኅበር ሕግ ማስተርስ የሚባለው የአዋቂዎች ውድድር የሚጀምረው ገና በ25 ዓመት ነው። ከዚያ ወዲያ በየ5 ዓመቱ እየተከፈለ ይቀጥላል። 43 ዓመት የሞላው ሰው ከ40 እስከ 44 ካሉት ጋር ነው የሚሰለፈው።

አንድ፦ ምን ልትገዙ እንደሆነ ቁርጡን እወቁ

የቴክኒክ ካምፕ አቅም አይገነባም። በአምስት ቀን ሳንባ አይሰፋም፣ ጡንቻም አይወጣም። የሚሸጠው የሌላ ሰው ዓይን ነው። እናንተ የማታዩትን ስህተት የሚያይ ዓይን።

ለምን ይህ ከጉልበት እንደሚበልጥ በቁጥር ላሳያችሁ። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ይጠጥራል። የሚያደርስባችሁ ተቃውሞ ደግሞ ከፍጥነታችሁ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነታችሁን እጥፍ ካደረጋችሁ እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሩጫ ላይ የሚያዋጣው «ጨክን!» እዚህ ብዙ አያስኬድም። ሰውነትን ማሾል ያዋጣል። ገንዳ ላይ አንዲት ቀጭን የ15 ዓመት ልጅ ጡንቸኛውን ሰውዬ ጥላው ስትሄድ አይታችሁ ከሆነ ምስጢሩ ይሄ ነው።

አንድ ደስ የማይል ነገር ልጨምር። ከካምፑ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ቀርፋፋ ትሆናላችሁ። አሮጌው ልማድ ፈርሶ አዲሱ ገና አልጸናም። ስለዚህ በሦስት ሳምንት ውስጥ ውድድር ካላችሁ አትግቡ። እኔ የመጀመሪያውን ካምፕ የገባሁት ከውድድር 10 ቀን በፊት ነበር። ውጤቱን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ሁለት፦ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

ገንዳው ስንት ሜትር ነው? ይህን አትናቁ። ደረጃውን የጠበቀ ገንዳ ወይ 50 ወይ 25 ሜትር ነው። የሆቴል ገንዳ ግን እንደ ባለቤቱ ግቢ ነው። አንድ ቦታ «25 ነው» ተብለን ከፍለን ገባን። በሁለተኛው ቀን አንዱ ጓደኛችን ከመኪናው የግንበኛ ሜትር አውጥቶ ለካው፤ 21 ሆኖ ተገኘ። ለካ ያ ሁሉ የፈነጠዝንበት ሰዓት የ21 ሜትር ሰዓት ነበር። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። አጭር ከሆነም ችግር የለውም፤ ሒሳቡን ማስተካከል ነው።

ጥልቀቱስ? ብዙ ገንዳ አንደኛው ጫፍ ለልጆች ተብሎ ዝቅ ይላል። ዓለም አቀፉ ሕግ የመነሻ መቆሚያ ላለው ገንዳ ቢያንስ 1.35 ሜትር ጥልቀት ይጠይቃል። ከዚያ በታች ከሆነ ከላይ ዘልሎ መግባት ልምምድ አይደለም፤ አንገት መስበሪያ ነው። «መነሻ እናሠለጥናለን» ብለው ጫፉ ወገብ የማይደርስ ከሆነ ሌላ ካምፕ ፈልጉ።

አንድ አሰልጣኝ ስንት ሰው ይይዛል? ከስምንት በላይ ከሆነ የምትከፍሉት ለጭብጨባ ነው። ቪዲዮ ይቀርጻሉ ወይ? ከውሃ በታችም ጭምር? ቪዲዮ የሌለው የቴክኒክ ካምፕ መስታወት የሌለው ፀጉር ቤት ነው።

የውሃውን ሙቀትም ጠይቁ። የውድድር ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይሆናል። እኛ ጋ ገንዳው ብዙ ጊዜ የሚሞቀው በፀሐይ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ጠዋት አጥንት ይሰብራል። የቴክኒክ ልምምድ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ሰውነት አያሞቅም። የሚንቀጠቀጥ ሰው ምንም አይማርም። ኮምቦልቻ ከሆነ ግንቦትና ሰኔ ይመረጣሉ። ደሴ ላይ ገንዳ ስለመግባት ለሚያወራኝ ሰው ጋቢ ነው የማቀብለው።

ወሎ ውስጥ የሚዘጋጅ ካምፕ የግማሹን ተሳታፊ ጾም ካላሰበ አዘጋጁ የወሎ ሰው አይደለም። ረመዳን ላይ ከሆነ ሰዓቱ ወደ ማታ መዞር አለበት። ዓቢይ ጾም ከሆነ ደግሞ ጠዋት ሳይበላ የሚገባ ስለሚኖር ጫናው ይቀነስ። ሴቶች ለብቻ የሚዋኙበት ሰዓት ካስፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስወስኑ፤ ደርሳችሁ ከጠየቃችሁ «እናያለን» ነው መልሱ። ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ የምትለብሱ ደግሞ ጠበቅ ያለውን ምረጡ። ሰፊ ጨርቅ ውሃ ያዝላል፤ አሰልጣኙም ትከሻና ወገባችሁ ምን እየሠራ እንደሆነ አያይም።

ሦስት፦ ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ራሳችሁን ለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ካልለካችሁ መሻሻላችሁን በምን ታውቃላችሁ? «ቀለል አለኝ» ልኬት አይደለም።

መጀመሪያ ሰውነታችሁን አሙቁና 400 ሜትር በምትችሉት ፍጥነት ዋኙ። በደንብ አርፋችሁ፣ ቢቻል በማግስቱ፣ 200 ሜትር ዋኙ። ከ400ው ሰዓት ላይ የ200ውን ቀንሱ፤ ለሁለት አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ሳትፈነዱ ረጅም መንገድ ልትይዙት የምትችሉት የ100 ሜትር ፍጥነት ነው። የእኔ እንዲህ ነበር፦ 400ው 7 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ፣ 200ው 3 ደቂቃ ከ40። ልዩነቱ 252 ሰከንድ፤ ሲካፈል 126። ማለትም ለ100 ሜትር 2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ።

ቀጥላችሁ በመደበኛ ፍጥነት 25 ሜትር ስትሄዱ እጃችሁ ስንት ጊዜ ውሃ እንደሚገባ ቁጠሩ። ሰከንዱንም ያዙ። ሁለቱን ደምሩ። እኔ 26 ምት በ30 ሰከንድ ነበርኩ፤ ድምሩ 56። ምት ብቻ ከቆጠራችሁ ራሳችሁን ትሸውዳላችሁ። በየምቱ እየተንሳፈፉ ቁጥሩን ማሳነስ ይቻላልና። ድምሩ ግን አይሸወድም።

በመጨረሻ አንድ ሰው በስልክ ከጎን ይቅረጻችሁ። ከዚያ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ። አንድ ብቻ። የእኔ «ከ200 ሜትር በኋላ እግሬ ለምን ይሰምጣል?» የሚል ነበር። በመጀመሪያው ካምፕ ዘጠኝ ጥያቄ ይዤ ሄጄ ዘጠኝ ግማሽ መልስ ይዤ ተመለስኩ።

አራት፦ ቦርሳው

ሁለት መነጽር፤ አንደኛው ይበጠሳልና። ሁለት የዋና ልብስ፤ እርጥብ ልብስ በጠዋት መልበስን የሚያህል ቅጣት የለም። ኮፍያ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ ወፍራም ሹራብ። አጭር ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ የዋና ክንፍ) ካላችሁ ያዙ፤ ከሌላችሁ አትግዙ፤ ካምፑ ያበድራል። መዳፍ ላይ የሚታሰረውን ሰፊ ፕላስቲክ ግን ቤት ተዉት። ያልተስተካከለ ምት ላይ ጫና ሲጨመርበት ትከሻ ነው የሚከፍለው። እኔ ከፍያለሁ።

ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ እጽፋለሁ የሚል ሰው ሲጽፍ አላየሁም።

አምስት፦ መድረስ

ከአዲስ አበባ የምትመጡ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት አድርጋችሁ ነው፤ ወይም በአውሮፕላን ኮምቦልቻ። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ሰው ጠይቁ። ካምፑ በሚጀምርበት ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው ድረሱ። ከደሴ ለምንወርድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የሀረጎን ጠመዝማዛ በየቀኑ ወጥቶ መውረድ ድካም ስለሆነ እዚያው ማደር ይሻላል።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ምንም አይደለም። ከቆላ የምትመጡ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። በሁለት ምት አንዴ ተንፍሱ፣ ዕረፍታችሁን አርዝሙ።

ስድስት፦ ገንዳ ውስጥ

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ከሩብ። ለአዋቂ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስኬድ ካምፕ አካል እያደከመ ቴክኒክ እያበላሸ ነው። የደከመ ሰው ሁሌም ወደ አሮጌው ልማዱ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ነው። ለካሜራው ብላችሁ አታሳምሩ። እንደ ወትሮው ዋኙ። ማታ ራሳችሁን ስታዩ ትደነግጣላችሁ፤ ሁሉም ይደነግጣል። ቀጥ ብዬ የምዘረጋው የመሰለኝ ቀኝ እጄ ከጭንቅላቴ አልፎ ግራ በኩል ይገባ ነበር። 25 ዓመት ሙሉ!

ቀጥሎ ራስና ትንፋሽ ይመጣል። እዚህ ላይ ቆዩ። አሰልጣኙ ቶሎ ወደ እጅ ሊወስዳችሁ ቢል እንኳ ለምኑት። ደረታችሁ ውስጥ አየር አለ፤ ስለዚህ ይንሳፈፋል። እግር ከባድ ነው፤ ይሰምጣል። ሰውነት እንደ ሚዛን ነው፦ ራስ ቀና ሲል እግር ይወርዳል። የእኔ የሰመጠ እግር መልሱ እግሬ ላይ አልነበረም፤ ዓይኔ ላይ ነበር። ወደ ፊት አያለሁ። ሐይቅ ላይ የተማረ ሰው ወደ ፊት ማየት ይለምዳል፤ ታንኳ ይመጣል፣ ሣር ይመጣል። ገንዳ ውስጥ የሚመጣ ነገር የለም። የገንዳውን ወለል እዩ። በቃ። በአንድ ቀን ወገቤ ወደ ላይ መጣ።

ትንፋሽ ላይ ያለው ስህተት አየር መያዝ ነው። ፊታችሁ ውሃ ውስጥ እያለ በአፍንጫና በአፍ ቀስ እያላችሁ አስወጡ፤ አረፋው አይቋረጥ። አየር ይዞ ቆይቶ ወጣ ሲል ማስወጣትም ማስገባትም የሚሞክር ሰው ሁለቱንም አያገኝም። «አየር አጠረኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጠረው አየር አይደለም፤ ያላስወጣው አየር ነው ያስጨነቀው። ስትዞሩ ደግሞ አንደኛው የመነጽር ዓይን ውሃ ውስጥ ይቅር። ሁለቱም ከወጡ ራሳችሁን አንስታችኋል ማለት ነው።

መለማመጃው ይህ ነው፦ በጎን ተኙ፣ የታችኛው እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ የላይኛው ጭን ላይ። ስድስት ጊዜ እግር ምቱ፣ ከዚያ አንድ ምት ቀዝፋችሁ ወደ ሌላው ጎን ተገልበጡ። ፊን አድርጉ፤ ነውር የለውም። 25 ሜትር ስምንት ጊዜ። ይሰለቻል። ማሰልቸቱን አምናለሁ።

ሦስተኛው ቀን ያ «አይይዙትም» የተባልኩበት ነው። እጅ ውሃ ገብቶ ወዲያው ወደ ታች ከተጫነ ሰውነትን ወደ ላይ ያነሳል እንጂ ወደ ፊት አይወስድም። መሆን ያለበት፦ እጅ ይዘረጋ፣ ክርን ከላይ ይቅር፣ ጣቶች ወደ ወለሉ ይመልከቱ፣ ከክርን እስከ ጣት ያለው ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ ሆኖ ውሃውን ወደ ኋላ ይግፋ። ታንኳ ቀዛፊ መቅዘፊያውን በጠባቡ ጎን አይጎትትም አይደል? አሰልጣኙ «ትልቅ እንስራ አቅፈው እንደሚያልፉት» ነበር ያለኝ። ለእኔ የገባኝ ያኔ ነው።

ለዚህ ምርጡ መለማመጃ ጡጫ ጨብጦ መዋኘት ነው። መዳፍ ሲጠፋ ክንዳችሁን ለመጠቀም ትገደዳላችሁ። 25 ሜትር በጡጫ፣ 25 ሜትር በክፍት እጅ። እጃችሁን ስትከፍቱ ሰፌድ የያዛችሁ ይመስላችኋል። ያን ስሜት ፈልጉ።

እግር ላይ አጭር ልበል። ለነጻ ቀዘፋ ምቱ ከዳሌ ይነሳ፣ ጉልበት ብዙ አይታጠፍ፣ ቁርጭምጭሚት ይላላ። ሩጫ የምታዘወትሩ ቁርጭምጭሚታችሁ እንደ ማጠፊያው የዛገ በር ነው። ተንሳፋፊ ሰሌዳ በእጃችሁ ይዛችሁ እግር ስትመቱ ከቦታችሁ ካልተንቀሳቀሳችሁ፣ ወይም ወደ ኋላ ከሄዳችሁ (አይቻለሁ!)፣ ችግሩ ይሄ ነው። ማታ ማታ ተንበርክካችሁ ተረከዛችሁ ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ጉልበት የሚያማችሁ ተዉት። ከእኛ መሃል ቁርጭምጭሚቱ እንደ ቅጠል የሚታጠፍ አንድ ሰው ነበር። አምስት ወቅት ሰጋጅ ነው። ምክንያቱ ያ ይሁን አይሁን አልምልም፤ ግን አቀማመጡ አንድ ነው።

መታጠፊያ ደግሞ በነጻ የሚገኝ ሰዓት ነው። በ25 ሜትር ገንዳ 400 ሜትር ስትሄዱ 15 ጊዜ ትታጠፋላችሁ። በየአንዳንዱ ግማሽ ሰከንድ ብታተርፉ 7 ሰከንድ ተኩል ነው። ግድግዳውን ስትገፉ የምታገኙት ፍጥነት ካላችሁ ሌላ ፍጥነት ሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ እጅ በእጅ ላይ ተደርቦ፣ ጆሮ በክንድ ተይዞ፣ እንደ ጦር ሂዱ። በነጻ ቀዘፋ፣ በጀርባና በቢራቢሮ እስከ 15 ሜትር ድረስ ከውሃ በታች መሄድ ይፈቀዳል። እኛ አዋቂዎች 5 ሜትር ከሄድን ተመስገን ነው። ደረትና ቢራቢሮ የምትወዳደሩ ሁለቱንም እጅ እኩል መንካትን ካምፑ ላይ አጥብቁ። አንድ እጅ ከቀደመ ውጤቱ ይሰረዛል።

የመጨረሻው ቀን እንደገና ቀረጻ። አዲስ ነገር አይማሩበት።

ሰባት፦ ከገንዳ ውጭ

እውነተኛው ትምህርት ማታ ቡና ላይ ነው። ከአቦል እስከ በረካ የአንዳችሁን ቪዲዮ ለሌላው እያሳያችሁ ተነጋገሩ። የሌላ ሰው ስህተት ላይ የራሳችሁን ታያላችሁ። ስትለያዩ ደብተራችሁ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ዛሬ ምን ተባልኩ፣ ምን ተሰማኝ፣ ነገ ምን አደርጋለሁ።

ጠዋት ከመግባታችሁ በፊት በሶ በጥቂቱ፣ ወይም ሙዝ። በመሃል ቆሎ። ወሎ መጥቼ ጥብስ ሳልበላ? ለሚል፣ ለማታ አቆዩት። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ላቡ አይታየውም እንጂ ያልበዋል፤ ጠጡ።

የጡንቻ ድካም ያለ ነው። ትከሻ ፊት ለፊት ላይ የሚወጋ፣ እጅ ሲነሳ የሚጨምር ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን ለአሰልጣኙ ተናግራችሁ እግር ብቻ ሥሩ። «ወንድ ልጅ አይደለህ» ብሎ ራስን ማስገደድ እኔን ለሁለት ወር አስቀምጦኛል።

ስምንት፦ ሐይቅ ላይ እንዋኝ የሚል ይመጣል

ሁልጊዜ ይመጣል። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያምራል፣ እስጢፋኖስ ገዳምም አለ። እኔ እዚያ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግን አልመክርም። በሐይቅ ከተማ ቢልሃርዝያ እንዳለ በጥናት የታወቀ ነው። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ይኖራል፤ ማለትም እናንተ የምትገቡበትና የምትወጡበት ቦታ ላይ። ተውሳኩ በቆዳ ነው የሚገባው። ቶሎ በፎጣ መደራረቅ መተማመኛ አይሆንም። ሐይቁ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ያለ ጀልባ አጃቢ መሃል የሚገባ ሰው ዋናተኛ አይደለም፣ ቁማርተኛ ነው።

ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ አትደበቁ። ወዲያው ብትመረመሩ ላይታይ ይችላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሐይቅ እንደገባችሁ ተናገሩ። መድኃኒት አለው። አለበለዚያ ዳር ላይ ተቀምጣችሁ ዓሣ ብሉ።

ዘጠኝ፦ ቤት ስትመለሱ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰዓት አትያዙ። እኔ ሰዓቴን ለልጄ ሰጠኋት። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከቻላችሁ ጥሩ፣ ሁለት ጊዜም ይበቃል። በየልምምዱ መጀመሪያ 400 ሜትር ያህል በካምፑ መለማመጃ ሥሩ፤ ከዚያ በአጫጭር 25ና 50 ሜትር፣ ቅርጹ ሲበላሽ እያቆማችሁ። አሮጌው ልማድ የሚመለሰው ስትደክሙ ስለሆነ ከመድከማችሁ በፊት ማረፍ ነው ዘዴው።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ፍጥነት ጨምሩ፤ ግን ምት እየቆጠራችሁ። የምቱ ቁጥር በ25 ሜትር ከሁለት በላይ ከጨመረ ፍጥነቱን ቀንሱ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ሰው በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ገንዳ ይቅረጻችሁና ለአሰልጣኙ ላኩለት። አብዛኞቹ ይመልሳሉ። ሲያጥር «ጎበዝ»፣ ሲረዝም ስድብ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት 400ውንና 200ውን ድገሙ። ከሁለተኛው ካምፕ በኋላ የእኔ 7 ደቂቃ ከ44 እና 3 ደቂቃ ከ38 መጣ። 123 ሰከንድ፤ ከ126። ለ100 ሜትር ሦስት ሰከንድ። ምቱ ከ26 ወደ 23 ወርዷል። ቁጥሩን ከቪዲዮው ጋር ለዚያ ልጅ፣ ለአሰልጣኜ፣ ላክሁለት። በማግስቱ መለሰ፦ «ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎ አሁንም ይሻገራል።»